ሲስተር ጁሴፒና ባኪታ፤ ከግዴታ ሥራ እስከ ፈቃድ አገልግሎት

በሰሜን ኢጣሊያ፥ በቪቼንዛ አውራጃ፥ ከተራሮች ግርጌ ስኪዮ የምትባል ከተማ አለች። ከተማይቱ በሱፍ ሥራዋ የታወቀች ስትሆን፥ በ19ኛው መቶ ዓመት የተስፋፉት ፋብሪካዎቿ በመላው ኢጣሊያ ስመ ጥር ነበሩ። በዚህች የሠራተኛ ከተማ፥ በካኖሳ ደናግል ገዳም ውስጥ፥ ከ1902 እስከ 1947 ድረስ፥ ከጥቂት ዓመታት መለየት በቀር፥ አንዲት ሱዳናዊት መነኩሲት ምግብ ሲያበስሉ፥ ልብስ ሲሰፉና ጥልፍ ሲጠልፉ፥ ንዋየ ቅድሳት ሲያሰናዱ፥ በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ በሌላ ካልተገለጹ በስተቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) እኒህ መነኩሲት የትምህርት ማዕርግ አልነበራቸውም፤ ተቋም አላቋቋሙም፤ የማኅበራቸውም አለቃ አልሆኑም። ያም ሆኖ ኦክቶበር 1 ቀን 2000 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳን ተራ አስገብተዋቸዋል።

ስማቸው ሲስተር ጁሴፒና ባኪታ ነው። ታሪካቸው በተነገረ ቁጥር ጎልቶ የሚወጣው በአንድ በኩል የልጅነታቸው መከራ፥ በሌላው በኩል የፍጻሜአቸው ክብር ነው። በመካከሉ ያለው ግማሽ መቶ ዓመት፥ ማለትም የገዳም የሥራ ዘመናቸው፥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፎ ይቀራል። ለሙያ ሰው ግን ዋናው ቁም ነገር ያለው በዚሁ በሚታለፈው ዘመን ነው። ምክንያቱም ሲስተር ጁሴፒና በገዳም የሠሩት ሥራ፥ በባርነት ዘመናቸው ከሠሩት በዓይነቱ እምብዛም አይለይም። ያን ጊዜ የሰው ቤት አገለገሉ፤ እመቤቶች አለበሱ፤ የሌላ ሰው ልጅ አሳደጉ። በገዳምም እንደዚሁ ሌሎችን መገቡ፥ ለሌሎች ሰፉ፥ የሌሎችን ልጆች ተቀበሉ። ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ፥ ሠራተኛይቱን ከባሪያነት ወደ አገልጋይነት ያሸጋገራት ነገር ምን እንደ ሆነ ታሪኩን ከመሠረቱ መመልከት ያስፈልጋል።

ስሟን የረሳች ልጅ

ባኪታ በ1869 ገደማ በምዕራብ ሱዳን በዳርፉር ምድር ተወለደች። እርሷ ገና ሳትያዝ ታላቅ እኅቷ በባሪያ ፈንጋዮች ተወስዳ ነበርና፥ መከራው ለቤተ ሰቡ አዲስ አልነበረም። በ1877 ገደማ፥ በስምንት ዓመቷ አካባቢ፥ ከመንደሯ ጥቂት ወጣ ብላ ሳለች እርሷም ተያዘች። ከድንጋጤዋ ብዛት የገዛ ስሟን ረሳች፤ ሙሉ ዕድሜዋንም መልሳ ልታስታውሰው አልቻለችም። "ባኪታ" የሚለውን ስም ያወጡላት ፈንጋዮቹ ናቸው። ትርጓሜው በዐረብኛ "ዕድለኛ" ማለት ነው።

የሚገርመው ነገር፥ ኦገስት 4 ቀን 1877 እንግሊዝና ግብፅ የባሪያን ንግድ ለማስቆም ውል ተፈራርመው ነበር። በዚያን ጊዜ ሱዳን በግብፅ አስተዳደር ሥር ስለ ነበረች ውሉ እርሷንም ይመለከታል። ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ የሰፈረው ቃል በምድረ በዳው መንገድ ላይ የሚነዱትን ሕፃናት አልደረሰላቸውም። የሱዳን ገበያ የሚሞላውም ከዳርፉርና ከደቡብ ሱዳን ብቻ አልነበረም። ከኢትዮጵያ ደቡብና ምዕራብ የተፈነገሉ ብዙ ሰዎች በመተማ ገበያ በኩል ወደዚያው አገር ይሻገሩ ነበር። ስለዚህ የባኪታ ታሪክ የጎረቤት አገር ታሪክ ብቻ ነው ተብሎ በሩቁ የሚታይ አይደለም። በስምና በመዝገብ ያልቀሩ የብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ዕጣ በእርሷ ታሪክ ውስጥ ይታያል።

ባኪታ አንድ ጊዜ ከሌላ ልጅ ጋር አምልጣ ነበር፤ ግን ብዙ ሳትርቅ እንደገና ተይዛ ተሸጠች። በኤል ኦቤይድ ከገዟት ጌቶች አንዱ ለሴት ልጆቹ አገልጋይ አደረጋት። በዚያ ቤት ሳለች በጌታዋ ልጅ ፊት ባጠፋችው ጥፋት ክፉኛ ተደብድባ ለብዙ ቀናት ከተኛችበት መነሣት አልቻለችም። ቀጥሎ የገዛት አንድ የቱርክ ጄኔራል ሲሆን፥ የእናቱና የሚስቱ አገልጋይ ሆነች። በዚህ ቤት ጅራፍ የዕለት እንጀራ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የሰውነቷ መነቀስ ነው። ቆዳዋ በምላጭ ተቀድዶ፥ ጠባሳው እንዳይጠፋ ቁስሉ ላይ ጨው ተነሰነሰበት። በሰውነቷ ላይ የተቀሩት ጠባሳዎች 114 ነበሩ። ሰው በከብቱ ላይ ምልክት እንደሚያደርግ፥ በእርሷም ላይ የባለቤትነት ምልክት ተደረገባት።

ጄኔራሉ ወደ አገሩ ለመመለስ ሲነሣ ባሮቹን ሸጠ። ባኪታንም በ1883 በካርቱም የኢጣሊያ ምክትል ቆንስል የነበረው ካሊስቶ ሌኛኒ ገዛት። በዚህ ሰው ቤት ሳለች ጅራፍ አልደረሰባትም። ሆኖም የገንዘብ ዋጋ የተከፈለባት ሰው መሆኗ አልተለወጠም። በ1885፥ የማሕዲስቶች ጦር ካርቱምን በያዘበት ዘመን፥ ሌኛኒ ወደ አገሩ ሲመለስ እርሷንም ይዞ ሄደ። ጄኖዋ ወደብ ሲደርሱ ግን የመንገዱ ጓደኛ ለነበረው ለአውጉስቶ ሚኬሊ ሚስት ሰጣት። እንግዲህ ባኪታ ኢጣሊያን የረገጠችው በስጦታነት ነው።

የቬኒስ ፍርድ

ሚኬሊዎች ይኖሩ የነበረው በቬኒስ አቅራቢያ በሚራኖ ነው። ሚሚና የምትባል ሴት ልጅ ተወለደችላቸውና ባኪታ ሞግዚት ሆነች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚኬሊ በቀይ ባሕር ዳር በሱዋኪን ሆቴል ስለ ገዛ፥ ሚስቱ ወደዚያ ለመሄድ ስትነሣ ሕፃኒቱንና ሞግዚቷን በአደራ የምታስቀምጥበት ቦታ አስፈለጋት። የቤተ ሰቡ ጉዳይ አስፈጻሚ የነበረው ኢሉሚናቶ ኬኪኒ ባቀረበው ምክር መሠረት፥ ኖቬምበር 29 ቀን 1888 ሁለቱም በቬኒስ የካኖሳ ደናግል ወደሚያስተዳድሩት የንኡሰ ክርስቲያን ቤት ገቡ።

ይህን የደናግል ማኅበር በ1808 በቬሮና ከተማ የመሠረተችው ማዳሌና ካኖሳ የተባለች ወይዘሮ ናት። የመሳፍንት ወገን ስትሆን፥ ሀብቷንና ጉልበቷን ለድኾች ልጆች ማስተማሪያና ለሕሙማን መርጃ አደረገችው። በማኅበሩ ደንብ ጸሎትና የእጅ ሥራ የተነጣጠሉ አይደሉም። ባኪታ ወደዚህ ቤት ስትገባ ያየችው አዲስ ነገርም ይኸው ነው። ደናግሉ ራሳቸው ይጠርጋሉ፥ ራሳቸው ያበስላሉ፥ ራሳቸው ሕመምተኛ ያገላብጣሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለውን ሥራ ሳይገደድና ሳይገዛ የሚሠራ ሰው አላየችም ነበር።

እመቤቲቱ ከወራት በኋላ ልጇንና ሞግዚቷን ይዛ ወደ ሱዋኪን ለመመለስ መጣች። ሱዋኪን የባሪያ ንግድ መርከቦች የሚነሡበት የታወቀ ወደብ ነበር። በዚህ ጊዜ ባኪታ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአዛዥዋ እንቢ አለች። ሕፃኒቱን ትወዳት ስለ ነበር መለየቱ ከብዷት ነበር፤ ሆኖም ከገዳሙ አልወጣም ብላ ጸናች። እመቤቲቱ ንብረቴ ናት በማለት ተከራከረች። ነገሩ ከገዳሙ አልፎ ወደ ቬኒስ ፓትርያርክ ወደ ካርዲናል ዶሜኒኮ አጎስቲኒና ወደ ንጉሡ ዐቃቤ ሕግ ደረሰ።

ኖቬምበር 29 ቀን 1889 ውሳኔው ተሰጠ። በኢጣሊያ ሕግ ባርነት ስለማይታወቅ ባኪታ ነጻ ሰው ናት፤ ወደፈለገችበት ለመሄድም ለመቅረትም የምትወስነው ራሷ ናት ተባለ። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ሕጉ በራሱ ተነሥቶ እርሷን ፈልጎ አለማግኘቱ ነው። ባኪታ በኢጣሊያ ምድር ለዓመታት ስትኖር ሕጉ ባሪያ አይደለሽም ብሎ አልነገራትም። ሕጉ የተናገረው እርሷ እንቢ ካለች በኋላ ነው። ነጻነቷን ያስገኘው የሕጉ ቃልና የራሷ ቃል ሲገናኙ ነበር።

ጃንዋሪ 9 ቀን 1890 ባኪታ ከካርዲናሉ እጅ ጥምቀትን፥ ሜሮንንና ቅዱስ ቁርባንን በአንድ ቀን ተቀበለች። ጁሴፒና ማርጌሪታ ፎርቱናታ ተባለች። ከስሞቹ የመጨረሻው "ባኪታ" የሚለው ቃል ትርጉም ነው። ፈንጋዮች ለመዘበት ያወጡት ስም በዚህ ቀን እውነተኛ ስም ሆነ።

የገዳሙ ሥራ

ባኪታ በዲሴምበር 1893 የምንኩስና ሙከራ ዘመን ጀመረች። ከመሐላው በፊት እንደ ደንቡ የመረመሯት የቬኒስ ፓትርያርክ፥ ኋላ ፒዮስ 10ኛ ተብለው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆኑት ካርዲናል ጁሴፔ ሳርቶ ናቸው። ዲሴምበር 8 ቀን 1896 መሐላ ፈጽመው ሲስተር ጁሴፒና ሆኑ። በ1902 ወደ ስኪዮ ገዳም ተዛወሩ።

በስኪዮ የመጀመሪያው ዋና ሥራቸው ወጥ ቤት ነበር። በብዙ ሰዎች የሚኖር ቤት ወጥ ቤት ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ተነሥቶ እሳት ማንደድ፥ ከሁሉ በኋላ ድስት ማጠብ፥ የሕመምተኛውን ምግብ ከጤነኛው ለይቶ ማሰናዳት የዘወትር ግዴታ ነው። ቀጥሎም የንዋየ ቅድሳት ጠባቂ ሆኑ። የመሠዊያውን ልብስ ማጠብና መተኮስ፥ ጽዋውን ማጽዳት፥ መብራቱን መጠበቅ የእርሳቸው ድርሻ ነበር። እጀ ብልህ ጠላፊም ነበሩ።

የከተማው ሕዝብ ይበልጥ ያወቃቸው ግን በበር ጠባቂነታቸው ነው። የገዳም በር ጠባቂ ሥራው በር መክፈት ብቻ አይደለም። ድኻው ምጽዋት ሲሻ፥ ሐዘንተኛው መጽናኛ ሲሻ፥ ወላጅ ልጁን ሲያመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ፊት የእርሱ ፊት ነው። በየጠዋቱ ወደ ገዳሙ ትምህርት ቤት በሚመጡት ሕፃናት ራስ ላይ ሲስተር ጁሴፒና እጃቸውን ጭነው ይዳብሷቸው ነበር። መጀመሪያ በቆዳቸው ጥቁረት የደነገጡት ልጆች ከጊዜ በኋላ "ጥቁሯ እናታችን" ይሏቸው ጀመር። ሕዝቡም ይህንኑ ስም ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ጠራቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለና ዜማ ያለው እንደ ነበር የሰሟቸው ይመሰክራሉ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ስኪዮ ለጦር ግንባሩ ቅርብ ስለ ነበረች፥ የገዳሙ ክፍል የጦር ሆስፒታል ሆነ። በ1916 የኦስትሪያ ጦር ከተራሮቹ ወርዶ ወደ ቪቼንዛ ሜዳ ለመድረስ ባጠቃ ጊዜ አደጋው ለከተማይቱ በጣም ቀረበ። ሲስተር ጁሴፒና በዚያ ዘመን ከወጥ ቤቱና ከቤተ መቅደሱ ሥራ ጋር ቁስለኞችን በመርዳት አገልግለዋል።

ከገዳሙ ሕይወታቸው አንድ ቃል በተለይ ሊታወስ ይገባል። ሲስተር ጁሴፒና የሚናገሩት የቬኒስን አገር ቋንቋ ነበር። እግዚአብሔርን የሚጠሩትም በዚያ ቋንቋ "ፓሮን" ብለው ነው። ቃሉ ባለቤት፥ አሳዳሪ፥ ጌታ ማለት ነው። በአማርኛም "ጌታ" የሚለው ቃል ለባሪያ አሳዳሪውም ለአምላክም የሚነገር በመሆኑ፥ የዚህ ነገር ክብደት ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ ግልጽ ነው። ብዙ ጌቶች የገረፏቸው ሴት ቃሉን አልጣሉትም፤ ባለቤቱን ለወጡት እንጂ። ፈንጋዮቼን ባገኛቸው እጃቸውን እስማለሁ፥ እነርሱ ባይኖሩ ክርስቲያን ባልሆንኩም ነበር ማለታቸውም ይነገራል። አንዳንድ ሰው ይህን ንግግር ባርነትን እንደ ማመስገን ሊቆጥረው ይችላል። ነገር ግን በ1889 ወደ ባርነት ወደብ አልመለስም ብለው የቆሙትም እኒሁ ሴት ናቸው። ይቅርታቸው መመዘን ያለበት ከእንቢታቸው ጋር ተያይዞ ነው። በደልን የተቃወመ ሰው በዳዩን ይቅር ሲል ይቅርታው ዋጋ ያለው ይሆናል።

ሮም፥ በ1936

በ1931 የሲስተር ጁሴፒናን ቃል መሠረት አድርጋ ኢዳ ዛኖሊኒ የጻፈችው የሕይወት ታሪክ ታትሞ ወጣ። ስማቸው በመላው ኢጣሊያ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ማኅበራቸው ከቻይና ከተመለሱ አንዲት ሚሲዮናዊት መነኩሲት ጋር በየከተማው እየዞሩ ለሚሲዮን ሥራ እንዲቀሰቅሱ አዘዛቸው። ሲስተር ጁሴፒና በአደባባይ መቆምን የማይወዱ፥ ንግግራቸውም አጭር ስለ ነበር ለእርሳቸው ከወጥ ቤቱ ይልቅ ይህ ከባድ ሥራ ሆነ። ከሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙው የመጣው ሊሰማቸው ሳይሆን ሊያያቸው ነበር። ከዚህ በኋላ ሚላኖ አጠገብ በምትገኘው በቪሜርካቴ፥ ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ በሚዘጋጁ ወጣት ደናግል ቤት ለጥቂት ዓመታት በር ጠባቂ ሆኑ።

ይህ ዘመን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀላል ዘመን አይደለም። የፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ባርነትን ማጥፋት የሚል ነበር። ጄኔራል ዴ ቦኖ በኦክቶበር 1935 ትግራይ እንደ ገባ ያወጣው አንዱ ዐዋጅ ይኸው ነው። ባርነት በኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የማይካድ ነው። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ፥ በ1924 እና በ1931 ዐዋጆች አውጥታ ነበር፤ ፈጽሞ የሚከለክለው ሕግ የወጣው ከነጻነት በኋላ በ1942 ነው። ሆኖም ይህን እውነት ለወረራ ሽፋን ያደረገው መንግሥት በመርዝ ጋዝ ሕዝብ ይፈጅ የነበረው መንግሥት ነው።

በዲሴምበር 1936፥ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች ከሰባት ወር በኋላ፥ ወደ ኢትዮጵያ የሚላኩ የካኖሳ ደናግል በሮም ፓላትሶ ቬኔሲያ በሙሶሊኒ ፊት ቀረቡ። ሲስተር ጁሴፒናም አብረዋቸው ነበሩ። ስለ ባሪያ ነጻ ማውጣት ለሚሰብክ መንግሥት፥ ከባርነት ወጥታ በኢጣሊያ የመነኮሰች አፍሪቃዊት ምን ያህል ምቹ ምስክር እንደምትሆን ለመገመት አያስቸግርም። ከሁለት ወር በኋላ፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፥ የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። በሜይ 1937 ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጅምላ ተገደሉ። በሮም አንዲት መነኩሲት የአፍሪቃ ነጻነት ምልክት ተደርጋ ስትታይ፥ በኢትዮጵያ መነኮሳት በጥይት ይረሸኑ ነበር።

ሲስተር ጁሴፒናን በዚህ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። የታዛዥነት መሐላ የፈጸሙ፥ የተላኩበት የሚሄዱ፥ በፖለቲካ ቃል ያልተናገሩ አሮጊት ነበሩ። ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊ ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። የአንድን ሰው ንጹሕ አገልግሎትና እውነተኛ መከራ፥ እርሱ ላላሰበው ዓላማ መሣሪያ ማድረግ ይቻላል። በማንኛውም ሙያ የተሰማራ ሰው፥ ሥራውን በቅንነት መሥራቱ ብቻ ሳይበቃ፥ የሥራው ፍሬ በማን ደጅ እንደሚውል መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ሲስተር ጁሴፒና ወደ ስኪዮ ተመልሰው በዚያው ቀሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ በከተማይቱ ላይ ሲወድቅ፥ ሕዝቡ በእርሳቸው ጸሎት እንጠበቃለን ብሎ ያምን ነበር። እርጅናውና ሕመሙ ሲበረታ በተሽከርካሪ ወንበር መቀመጥ ግድ ሆነባቸው። እንዴት ነዎት ብሎ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ጌታዬ እንደ ፈቀደ ነኝ የሚል መልስ ይሰጡ ነበር።

በመጨረሻው ሕመማቸው አእምሮአቸው ወደ ልጅነት ዘመናቸው ተመለሰ። በቃዡ ቁጥር ሰንሰለቱ ስለ ከበዳቸው እንዲያላሉላቸው አስታማሚያቸውን ይለምኑ ነበር። ከተፈቱ ከኀምሳ ሰባት ዓመት በኋላ እንኳ ሰንሰለቱ ከሰውነታቸው ትዝታ አልወጣም ነበር። በዚህም፥ ይቅርታ ማድረግ በደሉን መርሳት እንዳልሆነ፥ የበደልም ጠባሳ በዐዋጅ እንደማይፋቅ ይታያል። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1947 ዐረፉ። የመጨረሻ ቃላቸው የእመቤታችን ስም ነበር። የስኪዮ ሠራተኞችና ሕፃናት ለስንብት ወደ ገዳሙ ጎረፉ።

ሥራውም ሆነ እጆቹ እነዚያው ሆነው ሳለ ሠራተኛይቱን የለወጣት ነገር ምን እንደ ሆነ ከታሪኩ መረዳት ይቻላል። በጄኔራሉ ቤት ትወጃለሽ ወይስ ትጠያለሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። በቬኒስ ግን ፈቃዷ ተጠየቀ፤ መልሷም ተከበረ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ፥ ድካሙ ባይቀንስም፥ የእርሷ ሆነ። ያለ ደመወዝ ቢሠራም ያለ ክብር አልተሠራም።

ከ2015 ጀምሮ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በዓላቸውን፥ ፌብሩዋሪ 8ን፥ በሰዎች መነገድን ለመቃወም የጸሎት ቀን አድርጋ ታከብረዋለች። ኢትዮጵያም በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አውጥታለች። ሆኖም የቬኒሱ ጉዳይ እንዳሳየው ሕግ ብቻውን በር አያንኳኳም። ፓስፖርቷን አሠሪ ይዞባት በሩቅ አገር ቤት የምትሠራ ወጣትም ሆነች፥ ከገጠር መጥታ በከተማ ቤት ያለ ደመወዝ የምታገለግል ልጅ፥ እንቢ የምትልበት ቦታና እንቢታዋን የሚሰማላት ሰው ያስፈልጋታል። ባኪታ እንቢ ባለችበት ቀን ገዳሙ አሳልፎ አልሰጣትም፤ ፓትርያርኩ ጉዳዩን ያዘላት፤ ዐቃቤ ሕጉም ሰማት። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ሥራውን ባይሠራ ኖሮ፥ ባኪታ የምትመለሰው ወደ ሱዋኪን ነበር።